ሲኒና ሐር፤ የሩቅ ምሥራቅ ጥበብ በዛሪማ መንገድ

«ሲኒ» ተብሎ የሚጠራው እጀታ የሌለው የቡና መጠጫ ስሙን ያገኘው ከአገር ስም ነው። በዐረብኛ «ሲን» ቻይና ሲሆን «ሲኒ» ማለት ቻይናዊ ወይም የቻይና የሆነ ማለት ነው፤ ዐረቦችም ከዚያ የሚመጣውን ነጭ ሸክላ በዚሁ ስም ሲጠሩት ኖረዋል። ቃሉ ከዕቃው ጋራ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ወደ አማርኛ ገባ። ስለዚህ በዛሪማም ሆነ በደባርቅ፣ በዳባትም ሆነ በጎንደር፣ ቡና በተፈላ ቍጥር ሰው ሳያስበው ቻይናን በስሟ ይጠራል። ከተከዜ ማዶ ያለው ትግርኛ ተናጋሪ ይህንኑ ዕቃ «ፍንጃል» ይለዋል። ይህም ከዐረብኛ የመጣ ቃል ነው፤ ነገር ግን የዕቃውን ዓይነት እንጂ የሠሪውን አገር አያነሣም።

የሩቅ ምሥራቅ ሥነ ጥበብ ከሰሜን ኢትዮጵያ ደጋ ጋራ ምን ዝምድና አለው ብሎ ለሚጠይቅ ሰው መልሱ በዚህች ትንሽ ቃል ውስጥ ይጀምራል። ዝምድናው ግን በሥዕል ወይም በቅርጽ የሚታይ አይደለም። በጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ የቻይና ዘንዶ ወይም የጃፓን ሽመላ የሚፈልግ ሰው ድካሙ ከንቱ ይሆናል። ወደ ደጋው የወጣው ነገረ ሥራው እንጂ ሥዕሉ አልነበረም፤ ይኸውም ሐርና ነጭ ሸክላ ነው። የውጭው ነገር ከነክብሩ ሲገባ፣ እርሱን ተቀብሎ የአገር ጥበብ ያደረገው እጅ ግን ስሙ ሳይጻፍ ቀረ፤ እንዲያውም ተናቀ። ይህ ነገር ከዚህ በታች በሁለቱ ዕቃዎች አንጻር ይመረመራል።

አስቀድሞ መንገዱን ማወቅ ያስፈልጋል። ከምፅዋ ተነሥቶ በዐድዋ በኩል ወደ ጎንደር የሚሄደው የሲራራ ነጋዴ ተከዜን ከተሻገረ በኋላ በአዲ አርቃይና በዛሪማ ቆላ አልፎ የሊማሊሞን ዳገት መውጣት ግድ ይሆንበት ነበር። ዛሪማ ከዳገቱ በታች፣ ደባርቅ ደግሞ ከ2,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ከዳገቱ በላይ ናቸው። በ1770 (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር፤ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው) በየካቲት ወር ወደ ጎንደር ያለፈው የስኮትላንድ ተወላጅ ጄምስ ብሩስ የዚህን ዳገት አስቸጋሪነትና በዚያ የነበረውን የቀረጥ ኬላ በመጽሐፉ ገልጿል። አጋሰሱ በዚህ ገደል ሲወጣ ጭነት ይወርዳል፣ ይከፈላል፣ በሰው ትከሻም ይወሰዳል። ጣሊያኖች በ1930ዎቹ የመኪና መንገድ በገደሉ ላይ እስኪቀድዱ ድረስ ነገሩ እንዲሁ ነበር። እንዲህ ያለው መንገድ ራሱ መራጭ ነው። ቀላልና ውድ የሆነውን ያሳልፋል፤ ከባዱንና ተሰባሪውን ወደ ኋላ ያስቀራል። ሐር አይሰበርም፤ አንድ አህያ የምትሸከመው ሐር ለአንድ መኳንንት ቤት ይበቃል። ታላላቅ የቻይና ገንቦዎችና ሳሕኖች ግን የባሕር ጠረፍ ዕቃ ሆነው ቀሩ። በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ በኪልዋና በጌዲ የመቃብርና የመስጊድ ግንብ በቻይና ሳሕን ያጌጥ የነበረው፣ በሐረር ቤቶችም ሳሕን በግድግዳ መደርደር የተለመደው፣ በጎንደር ደጋ ግን ይህ ልማድ ያልተተከለው አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ሐር ከኢትዮጵያ ጋራ ያለው ታሪክ ከጎንደር ዘመን እጅግ የቀደመ ነው። ፕሮኮጲዮስ የተባለው የቢዛንታይን ታሪክ ጸሐፊ እንደሚተርከው፣ በ531 አካባቢ ንጉሠ ነገሥት ዩስቲንያኖስ ወደ አክሱም መልክተኛ ልከው፣ አፄ ካሌብ ሐርን ከህንድ ነጋዴዎች ገዝተው ለሮማውያን እንዲሸጡ ጠይቀው ነበር። ሐሳቡ ሮማውያን ለጠላቶቻቸው ለፋርሶች ገንዘብ ከመክፈል እንዲድኑ ነው። ነገሩ አልተሳካም፤ የህንድ መርከቦች በሚደርሱባቸው ወደቦች ፋርሶች ቀድመው እየተገኙ ጭነቱን በሙሉ ይገዙት ነበርና። ከዚህ ሃያ ዓመት ያህል በኋላ መነኮሳት የሐር ትል እንቍላል ወደ ቍስጥንጥንያ ስላስገቡ የሮማውያን ችግር በሌላ መንገድ ተቃለለ። አክሱም በዚያን ጊዜ የሐር ነጋዴ ለመሆን ተጠርታ ሳትሆን ቀረች። ከሺህ ዓመት በኋላ ጎንደር የሐር ሸማኔ ሆነች።

የሐር ክር ጠባይ ለኢትዮጵያዊ ሸማኔ አዲስ ነገር ነው። ጥጥ አጫጭር ጭረት ስለሆነ በእንዝርት ካልተፈተለ ክር አይሆንም። የሐር ትል ግን በእንጆሪ ዛፍ ቅጠል ተቀልቦ በራሱ ዙሪያ የሚጠቀልለው ቤት በሙቅ ውሃ ተነክሮ ጫፉ ሲገኝ፣ ከአንዱ ብቻ ብዙ መቶ ሜትር ርዝመት ያለው አንድ ወጥ ክር ይመዘዛል። እንዝርት አያሻውም። በወጥነቱና በልስላሴው ብርሃንን እንደ መስተዋት ይመልሳል፤ ቀለምንም ከጥጥ ይበልጥ ጠጥቶ ይይዛል። ቻይናውያን በዚህ ክር ላይ በቀለምና በብሩሽ ሥዕል ሲሥሉ አብዛኛውን ስፍራ ባዶ መተውን እንደ ታላቅ ጥበብ ይቈጥሩታል። ጉም የሚሆነው፣ ውሃ የሚሆነው ያልተነካው ሐር ነው። የጎንደር ሰው ሐሩን ተቀብሎ ይህን ባዶነት አልተቀበለም።

በደጋው ሐር ከሁሉ አስቀድሞ የሚታወቀው በማተብ ነው። ክርስቲያን በአንገቱ የሚያስረው ሰማያዊ ክር ከሐር ይገመድ እንደ ነበር ከብሩስ ጀምሮ ብዙ መንገደኞች ጽፈዋል። እንግዲህ ከቤቱ ሌላ ሐር ገብቶ የማያውቅ የቆላ ገበሬ እንኳ ከምሥራቅ በባሕር ተጭኖ የመጣ ክር በአንገቱ ይዞ ይኖር ነበር ማለት ነው። ከማተብ ቀጥሎ ጥለት አለ። በሰሜን ኢትዮጵያ ሸማኔዎች ዘንድ ከውጭ የመጣውን ባለ ቀለም ጨርቅ መተርተር፣ ክሩን ለይቶ ማውጣት፣ ከዚያም በሸማ ጠርዝ ላይ እንደገና መሥራት የታወቀ ሥራ ነበር። ይህ ሥራ ከችግር የመጣ ብልኀት ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባውም። ሸማኔው የባዕዱን ጨርቅ ከነሥዕሉ ቈርጦ ሊሰፋው ይችል ነበር፤ እርሱ ግን ሥዕሉን አፍርሶ ቀለሙን ብቻ ወሰደ። ፍርዱ በእጁ ሥራ ተጽፏል።

የዚህ ሁሉ ከፍተኛ ምሳሌ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የተሠሩት ታላላቅ የሐር መጋረጃዎች ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ዛሬ በሎንዶን በብሪቲሽ ሙዚየም፣ ሌላው በካናዳ በቶሮንቶ በሮያል ኦንታሪዮ ሙዚየም ይገኛል። የቶሮንቶው ቁመቱ ከ5 ሜትር፣ ስፋቱ ከ2 ሜትር ይበልጣል፤ ሦስት ረጃጅም ቁራጮች ጐን ለጐን ተሰፍተው የተሠራ ነው። ክሩ የቻይና ሐር ነው። ሥዕሉ ግን ፍጹም ኢትዮጵያዊ ነው። ካህናት ከመስቀላቸው ጋራ፣ ጠመንጃ የያዙ ወታደሮች፣ ከበሮና ጸናጽል የያዙ ሰዎች ይታያሉ። ከሁለቱ በአንደኛው ላይ ያሉትን ዋነኛ ሰዎች ሊቃውንት አፄ በካፋና እቴጌ ምንትዋብ ናቸው ብለው ተርጕመዋቸዋል። በሰሌዳ ሽመና ከተሠሩት የዓለም ጨርቆች መካከል በታላቅነታቸው የሚወዳደሯቸው የሉም ይባላል።

የሰሌዳ ሽመና ምን እንደ ሆነ በጥቂቱ ማስረዳት ይገባል፤ የሥራው ክብደት የሚታወቀው በዚህ ነውና። ከእጅ መዳፍ ያነሰች ባለ አራት ማዕዘን ሰሌዳ በአራቱ ማዕዘኖቿ ትበሳለች፤ በየቀዳዳው አንድ አንድ የድር ክር ይገባል። ሰሌዳዎቹ እንደ መጽሐፍ ቅጠል ተደርድረው በሩብ ዙር ሲዞሩ የላዩ ክር ወደ ታች፣ የታቹ ወደ ላይ ይሄዳል፤ በመካከል በሚከፈተውም ክፍተት ማጉ ያልፋል። ሲደጋገም በየሰሌዳው ያሉት አራት ክሮች እንደ ገመድ እርስ በርሳቸው ይጠመዘዛሉ፤ ማጉም ተውጦ ከዓይን ይሰወራል። በተለመደው ጥለት ጌጡን የሚሠራው ማጉ ሲሆን፣ በዚህ ግን ሥዕሉን የሚሠራው ድሩ ነው። የሰውን ፊት ወይም የመስቀልን ጫፍ ለማውጣት ሸማኔው እያንዳንዷን ሰሌዳ ለብቻዋ፣ አንዷን ወደ ፊት ሌላዋን ወደ ኋላ፣ በየመሥመሩ ማዞር አለበት። ዘዴው በብዙ አገሮች መታጠቂያና ጥብጣብ ለመሥራት ያገለግላል፤ ለጣት ስፋት ጥቂት ሰሌዳ ይበቃል። ከግማሽ ሜትር በላይ ስፋት ላለው ቁራጭ ግን በመቶ የሚቈጠሩ ሰሌዳዎች በአንድ ጊዜ መያዝ ያስፈልጋል። አንዲት ሰሌዳ በተሳሳተ አቅጣጫ ብትዞር ስሕተቱ በሐር ላይ ወዲያው ይታያል።

ይህን የሠሩት እነማን ናቸው? በዚያ ዘመን በጎንደር ሽመና ይበልጡን በሙስሊሞችና በቤተ እስራኤል እጅ ነበር። በ1668 በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተሰበሰበው ጉባኤ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤል ከክርስቲያኑ ተለይተው በየሰፈራቸው እንዲኖሩ ወስኗል። ለቤተ መቅደስ የሚሆነውን መጋረጃ የሠራው ሰው ወደ ቤተ መቅደሱ የማይገባ፣ ከከተማውም መካከል እንዳይኖር የተከለከለ ሰው ሊሆን ይችላል ማለት ነው። የሐሩ አገር ይታወቃል፤ የተሣሉት ነገሥታት ይታወቃሉ፤ የሸማኔው ስም ግን በየትኛውም ቁራጭ ላይ የለም።

መጋረጃዎቹ ከአገር የወጡበት መንገድ የታወቀ ነው። አፄ ቴዎድሮስ በ1866 የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ንብረት ወደ መቅደላ አስጋዙ፤ በሚያዝያ 1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ የተከማቸው ሁሉ ተዘረፈ፤ በደላንታ ሜዳም በሐራጅ ተሸጠ። የሎንዶኑ መጋረጃ በዚያው ዓመት በሙዚየሙ መዝገብ ገባ። የቶሮንቶውም ከዘመቻው መኮንኖች በአንዱ ቤተሰብ በኩል የደረሰ ነው። የሄደው ጨርቅ ብቻ አይደለም። አንድ ተማሪ ሸማኔ ፊት ለፊት ቆሞ «ይህ ሰሌዳ እንዴት ዞረ?» ብሎ የሚመረምርበት ናሙና አብሮ ሄደ። ይህን ያህል ስፋት ያለው የሰሌዳ ሽመና በጎንደር ዛሬ የሚሠራ የለም። ስለ ተዘረፈ ቅርስ መመለስ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚነሣው ክብር ነው፤ ለሸማኔ ግን ነገሩ ከክብርም በላይ የትምህርት ጉዳይ ነው።

ነገረ ሥራው ከቻይና መጥቶ ሥዕሉ የአገር ከሆነ፣ የተገላቢጦሹም መታየት አለበት፤ ይኸውም አንድ ሥዕል ወደ ሁለቱም አገሮች የሄደበት ጊዜ ነው። በሮማ በሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ያለችውን የእመቤታችን ሥዕል ኢየሱሳውያን ከ1569 ጀምሮ እያስገለበጡ ወደ ስብከት አገሮቻቸው ላኩ። ግልባጩ ኢትዮጵያም ቻይናም ደረሰ። በቺካጎ ፊልድ ሙዚየም ያለው፣ በ1910 በሺአን ከተማ የተገዛው የቻይና ሥዕል ይህችኑ እመቤት በነጭ ረጅም ልብስ፣ ቻይናውያን ጓንዪን የሚሏትን የምሕረት አምላክ አስመስሎ ያሳያል፤ ሕፃኑም የቻይና ልጅ ጕንጕን ጠጕር አለው። በኢትዮጵያ ደግሞ ሥዕሏ ምስለ ፍቁር ወልዳ ሆና፣ በግራና በቀኝ ሚካኤልና ገብርኤል ቆመውላት፣ የተጣመሩት እጆቿ ግን እንደ ሮማው ሆነው በጎንደር ዘመን ሁሉ ተሣለች። በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን የነበሩት ሠዓሊዎች የአበባ ጥልፍ ያለበትን የባዕድ ሐር ልብስ አልብሰዋታል። በሁለቱም አገሮች የውጭው ነገር እንዳለ አልቆመም። ልዩነቱ ቻይናዊው ሠዓሊ በሐር ላይ ሲሥል፣ ኢትዮጵያዊው ሐርን ራሱን መሣሉ ነው።

ወደ ሲኒ እንመለስ። እውነተኛው የቻይና ሸክላ ካኦሊን ከተባለ ነጭ አፈርና ከተፈጨ ድንጋይ ተለውሶ ወደ 1,300 ዲግሪ በሚደርስ እሳት ይተኰሳል። በዚህ ሙቀት አፈሩ ወደ ብርጭቆነት ይጠጋል፤ ውሃ አይጠጣም፣ ሲመቱት ይጮኻል፣ ስስ ከሆነ ብርሃን ያሳልፋል። ሰማያዊ ጌጡ ከልባጩ በታች በኮባልት የተሣለ ነው። የዚህ ሥራ ዋና ከተማ ጂንግዴዠን ናት። በሐረርጌ በሐርላ የተደረገው የቅርስ ቍፋሮ የቻይና ሸክላ ስባሪ በመካከለኛው ዘመን እስከዚያ ይደርስ እንደ ነበር አሳይቷል። ከ1405 እስከ 1433 በዠንግ ሄ የተመሩት የቻይና መርከቦችም እስከ ዓደን መጥተዋል። በ1644 የሚንግ መንግሥት ወድቆ የቻይና ንግድ ሲታወክ፣ የሆላንድ ነጋዴዎች ወደ ጃፓን ወደ አሪታ ዞረው ሸክላ ማሠራት ጀመሩ። ከ1650ዎቹ ጀምሮ ካዘዙት ከፊሉ ወደ የመን ወደ ሞካ የሚላክ ነበር፤ ሞካ የቡና ገበያ ናትና ሲኒ ትፈልጋለች። ከሞካ እስከ ምፅዋ በጀልባ ሩቅ አይደለም።

በነገራችን ላይ ጕዞው በአንድ ወገን ብቻ አልነበረም። ኮጃ ሙራድ የተባለ አርመናዊ ነጋዴ በጎንደር ነገሥታት ተልኮ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ወደ ባታቪያ፣ ማለት ወደ ዛሬዋ ጃካርታ፣ ደጋግሞ ተመላልሷል። ካቀረባቸው ስጦታዎች መካከል የሜዳ አህያ ነበረች፤ ሆላንዶችም ለጃፓን ንጉሥ እንዳሳለፏት ሉዶልፍ ጽፏል። በሊማሊሞ ሲኒ ሲወጣ የሜዳ አህያ ወደ ጃፓን መሄዷ የዚያን ዘመን ንግድ መልክ በደንብ ያሳያል።

ይሁን እንጂ ሲኒ በደጋው ክርስቲያን ቤት የተስፋፋው ዘግይቶ ነው። ቡና የሙስሊም መጠጥ ተብሎ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ በክርስቲያኑ ዘንድ ይነወር ነበር። በጎንደር ሲኒን ከሁሉ አስቀድሞ የያዙት የአዲስ ዓለም ሙስሊም ነጋዴዎች መሆናቸው ከዚህ ይታወቃል። ክርስቲያኑ ቡናውን ሲቀበል ሲኒውንም ከነስሙ ተቀበለ። የመጠጫውን ቅርጽም አልለወጠም፤ እጀታ የለውም፣ ከንፈሩ ሰፊ፣ እግሩ ጠባብ፣ በሁለት ጣት ከጠርዙ የሚያዝ ነው። ውስጡ ነጭ መሆኑ ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ የአቦልን ጥቍረትና የበረካን ቅጥነት ለጠጪው ዓይን ይለያል።

የቡናን ሥርዓት ከጃፓን የሻይ ሥርዓት ጋራ ማነጻጸር ብዙ ሰው ይወዳል። አብዛኛው ንጽጽር ላይ ላዩን የሚሄድ ነው፤ አንዱ በዝምታ የሚፈጸም፣ ሌላው ጎረቤት ተጠርቶ የሚወራበት ነውና። እውነተኛው መመሳሰል በዕቃው ላይ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የሻይ መምህር የነበረው ሴን ኖ ሪኪዩ (1522–1591) የቻይናን ልሙጥ ሸክላ ትቶ፣ ቾጂሮ የተባለ ሸክላ ሠሪ ያለ መሽከርከሪያ በእጁ ብቻ ያበጀውን፣ በአነስተኛ እሳት የተተኰሰውን፣ ጥቍርና ሸካራ ጽዋ መረጠ። ይህ ራኩ ይባላል፤ የቾጂሮ ወራሾችም እስከ ዛሬ በዚህ ስም ይከበራሉ። ጀበናም እንዲሁ ያለ መሽከርከሪያ በእጅ ይሠራል፤ በእንጨትና በኩበት እሳት ሜዳ ላይ ይተኰሳል፤ ጥቍር ነው። ልዩነታቸው ራኩ ልባጭ ሲኖረው ጀበና የሌለው መሆኑ ነው። አዲስ ጀበና ውሃ ያዣል፤ ስለዚህ ይሟሻል፤ ከዚያም የቡናው ቅባት በየጊዜው ቀዳዳውን እየደፈነ ያጠነክረዋል። የጀበና ልባጭ ኑሮ ራሱ ነው ማለት ይቻላል። ጃፓኖች ሸካራውን ለጽዋ መረጡት፤ የደጋው ሰው ግን ሸካራውን ለማፍያ፣ ልሙጡን ለመጠጫ አድርጎ ሁለቱን በአንድ ረከቦት ዙሪያ አስቀመጣቸው። ማንም በመጽሐፍ ያልጻፈው ምርጫ ነው፤ ግን ምርጫ ነው።

የቾጂሮ ስም በነገሥታት ዘንድ ሲታወቅ፣ በጎንደርና በስሜን ጀበና የሠራችው ሴት «ቡዳ» ትባል ነበር። በዚህ አገር ሸክላ ሥራ በአብዛኛው የቤተ እስራኤል ሴቶች ሙያ ነበረ፤ ባሎቻቸውም አንጥረኞችና ሸማኔዎች ነበሩ። ገበያ ላይ ከእርሷ ጀበናና እንስራ የገዛ ሰው ዓይኗን ይፈራ ነበር፤ ቤቷም አይበላም። ያላየው የሩቅ አገር ሸክላ ሠሪ ግን በስሙ ተከብሮ በየቤቱ ሲኒ ተብሎ ይጠራል። ከ1984 እስከ 1991 ባሉት ዓመታት አብዛኞቹ ቤተ እስራኤል ወደ እስራኤል ሲሄዱ ከእነርሱ ጋራ የሄደው እጅ በቀላሉ አልተተካም፤ ከጎንደር ወጣ ብሎ በወለቃ የተሠሩት ሸክላዎች ለብዙ ዘመን በመንገደኛ የታወቁ ነበሩ።

ዛሬ በደባርቅና በዛሪማ ሱቆች የሚሸጠው ሲኒ፣ ትንሽ አበባና የወርቅ መሥመር ያለበት፣ በአብዛኛው በቻይና ፋብሪካ የተሠራ ነው፤ ስለዚህ ቃሉና ዕቃው ከረጅም ጊዜ በኋላ እንደገና ተገናኝተዋል። ከእነዚህ መካከል አንዳንድ ጊዜ ከአያት የተወረሰ አሮጌ ሲኒ ይገኛል፤ ጠርዙ ከተሸረፈ ለእንግዳ አይቀርብምና ከጓዳ ይቀመጣል ወይም ይጣላል። እንዲህ ያለውን ዕቃ ያገኘ ተመራማሪ አስቀድሞ ገልብጦ እግሩን ይመልከት። የፋብሪካው ብዙ ጊዜ የታተመ ምልክት ሲኖረው፣ በአሮጌው የእጅ ሥራ የእግሩ ቀለበት ልባጭ ሳይነካው ሸካራ ሆኖ ይቀራል፤ ሰማያዊው ጌጥም የብሩሽ አካሄድ ያሳያል፤ አንዱ ቅጠል ከሌላው ፈጽሞ አይመሳሰልም። ዕቃው ከየትኛው ገበያ፣ በማን እጅ፣ በየትኛው ዘመን ወደ ቤቱ እንደ ገባ የባለቤቲቱን ቃል መጻፍ ከስባሪው እኩል ይጠቅማል፤ ጀበናውን የሠራችው ሴት ስሟ ማን እንደ ነበረም በዚያው ይጠየቅ።